የፒክአፕ ሸራ ብረት፦ ዝገቱን አውጥቶ እንደ አዲስ መቀባት

ክረምት በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «ሸራው ደህና ነው፤ ብረቱን ግን ዝገት በላው። አምና አስቀብቼው ዘንድሮ ተላጠ። ምን ይሻላል?» የሚል። በስልክ መልሼ የምጨርሰው ጉዳይ ስላልሆነ፣ ከመፍታት እስከ መግጠም ያለውን በተራ ጽፌላችኋለሁ።

መጀመሪያ ለምን ቶሎ እንደሚላጥ እንይ። የበር ወይም የአጥር ብረት ዝናብ ቢመታውም ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል። የሸራ ብረት ግን እርጥብ ሸራ ጀርባው ላይ ተኝቶበት ይውላል፣ ያድራል። መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ ሸራው ብረቱን ያሸዋል። በመሀላቸው የገባው አቧራ ቀለሙን ይሞርደዋል። ለበር የበቃ አቀባብ እዚህ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ሥራ ብረቱን ከሸራው ለመጠበቅ የታሰበ ነው።

መመሪያው ካሶኒ (የፒክአፑ የጭነት ሳጥን) ላይ በቅስት ቱቦ ለተሠራ የብረት ፍሬም ነው። ለአልሙኒየም ፍሬም መጨረሻ ላይ ጥቂት ነገር አክያለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ትንሽ ማግኔት
- መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትንሽ መዶሻ
- የእጅ የሽቦ ብሩሽ፤ ግራይንደር ካላችሁ ለእሱ የሚገጠም የሽቦ ብሩሽ
- ብርጭቆ ወረቀት፦ 80፣ 120 እና 320 ቁጥር
- የዱቄት ሳሙና፣ ባልዲ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ (አሮጌ ቲሸርት ይሆናል)
- አንቲረስት (ከላይ ቀለሙ በፊት የሚቀባ ዝገት ተከላካይ ቀለም) 1 ሊትር፣ የላይ ቀለም 1 ሊትር
- ለቀለሙ የሚስማማ ማቅጠኛ
- ባለ 1 እና ባለ 2 ኢንች ብሩሽ
- መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ የላስቲክ ጓንት፣ የአቧራ ማስክ
- አዳዲስ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ጥቂት ግሪስ፣ የጎማ ቁራጭ

ቀለም አብዝታችሁ አትግዙ። በድምሩ 20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውፍረቱ 32 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ፣ ዙሪያው ሁሉ ተቆጥሮ ስፋቱ 2 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ብሩሽ የሚያባክነው ተጨምሮም ከላይ የጻፍኩት ይበቃል። የሚተርፈው ገንዘብ ለጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይዋል።

ቀን ምረጡ

በአዲስ አበባና በሌላውም ደጋ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት ወዲያ ያለው በጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ብረት ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ጤዛ ይቀመጣል። ቀለሙ ጤዛው ላይ ከተቀባ ብረቱን አይዝም። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም አዲስ እጅ (ንብርብር) አትቀቡ፤ ሳይደርቅ ማታው ይደርስበታል። አዋሽ፣ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ከሆናችሁ ነገሩ ይገለበጣል። እኩለ ቀን ላይ የጋለ ብረት የቀለሙን ላይኛ ገጽ ብቻ ያደርቅና ከሥሩ የቀረው ማቅጠኛ አረፋ ሆኖ ይወጣል። እዚያ በጥላ፣ በማለዳ ሥሩ።

አሠራሩ

1. ብረቱን ለዩ። ማግኔት ካልያዘው አልሙኒየም ነው። ማግኔት ከያዘውና ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ነጣ ያለ፣ የዚንክ ቆርቆሮ የሚመስል ግራጫ ከሆነ ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ ብረት) ነው። ማግኔት ይዞት ቡናማ ዝገት ካለው ተራ ብረት ነው። ይህን አትዝለሉት። የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ሲቀባ፣ ዚንኩ ከቀለሙ ዘይት ጋር ተዋህዶ በመሀላቸው ሳሙና መሰል ነገር ይፈጠራል። ቀለሙ በትልልቅ ቅርፊት ይነሳል። «አምና አስቀብቼው ዘንድሮ ተላጠ» ከሚሉኝ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ይኸው ነው። ጋልቫናይዝድ ከሆነ በአንቲረስቱ ፈንታ ለዚንክ የተሠራ ፕራይመር (የሥር ቀለም) ወይም ኢፖክሲ ፕራይመር ግዙ።

2. ሸራውን አውርዱ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ገመዱ በየት በኩል እንዳለፈ፣ የትኛው ቅስት ከፊት እንደሆነ ይታይ። ቅስቶቹ አንድ ቢመስሉም እግራቸው የተበየደው በየራሳቸው ቀዳዳ ልክ ነው። ቦታ ሲቀያየር ብሎን አልገባ ይላል። እግሩ ሥር በካቻቢቴ 1፣ 2፣ 3 ሰረዝ ጫሩበት። በቀለም የተጻፈ ቁጥር ስትፍቁት ይጠፋል።

3. ብሎኖቹን ፍቱ። የዛገ ብሎን በኃይል ከተያዘ ይቆረጣል። ዝገት ማላቀቂያ ርጩበትና አሳድሩት። ማላቀቂያ ከሌለ ነጭ ጋዝ ከትንሽ ዘይት ጋር ቀላቅሉ። በማግስቱ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው አዙሩ። አሮጌውን ብሎን መልሳችሁ አትጠቀሙ። አዲሱ ቀለም ላይ መጀመሪያ ዝገት የሚያለቅሰው እሱ ነው።

4. እጠቡ፣ ከዚያ ቅባቱን አውጡ። ሳሙናና ውሃ አፈሩን፣ ጨውን፣ የከብት ሽንትንና የማዳበሪያ ቅሪትን ይወስዳል። ጨው፣ ማዳበሪያ ወይም ከብት የሚጭን መኪና ከሆነ ሁለት ጊዜ እጠቡ። እነዚህ ሦስቱ ቀለም ሥር ከተቀበሩ እርጥበት እየሳቡ ዝገቱን ከውስጥ ያስነሱታል። ወዲያው በጨርቅ አድርቁ። ቀጥሎ በቲነር በረጠበ ጨርቅ ቅባቱን ጥረጉና ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ አንሱት። ይህ ከመፋቅ በፊት መሆን አለበት። ቅባቱ ካልወጣ ብርጭቆ ወረቀቱ ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው።

5. ጤናውን መርምሩ። ቱቦውን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ዙሪያውን ምቱ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የሳሳው የደነዘዘ፣ የታፈነ ድምፅ አለው። እዚያ ላይ ካቻቢቴ ተጭናችሁ ሞክሩ። ከገባ ቀለም አያድነውም፤ በያጅ ይቁረጥና በአዲስ ይተካው። በተለይ እግሩን፣ ካሶኒው ላይ የሚቆምበትን አንድ ስንዝር ያህል፣ በደንብ እዩ። ውሃው ወርዶ የሚቆመው እዚያ ነው።

6. ብየዳውንና ቀዳዳውን አሁን ጨርሱ። ከቀለም በኋላ መበየድ ሥራውን ያበላሻል። ሦስት ነገር አሠሩ። የተከፈተ የቱቦ ጫፍ ካለ ይደፈን። በእያንዳንዱ እግር ታችኛው ጫፍ ባለ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳ፤ ወደ ውስጥ የገባ ውሃ መውጫ ያግኝ። የብየዳ ፍንጣሪና ሹል ጠርዝ ሁሉ በግራይንደር ይሙለጭ። ሹል ጠርዝ ላይ ቀለም ሸሽቶ ይሳሳል። ሸራውንም የሚቀደው እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ብየዳው ፍሬሙ መኪናው ላይ እያለ አይሠራ። ነዳጅ ታንኩ ከካሶኒው በታች ነው፤ ኤሌክትሮኒክሱም ይጎዳል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል። ዚንኩ ከሚበየድበት ቦታ ቀድሞ ይፋቅ፣ ሥራውም ከቤት ውጭ ይሁን።

7. ዝገቱን አውጡ። ሰዓታችሁን የምትሰጡት ለዚህ ነው። ከቸኮላችሁ ሌላ ቦታ ቸኩሉ።

በሽቦ ብሩሽ ቅርፊቱንና የተላቀቀውን ቀለም አንሱ። ግራይንደር የምትጠቀሙ ከሆነ የብሩሹ ፍጥነት ቁጥር ከግራይንደሩ ማነስ የለበትም። ባለ 115 ሚሊሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ዝቅ ያለ ብሩሽ ሽቦውን ይበትነዋል። የሚበተነው ሽቦ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ልብስ አልፎ ቆዳ ይወጋል። ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር አድርጉ። ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌና የተንጠለጠለ ገመድ አውልቁ። አሮጌ ቀለም ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ማስክ አድርጉ፣ ልጆችን ከግቢው አርቁ፣ የወደቀውን ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ሁልጊዜ አያወጣውም፤ አንዳንዴ ይወለውለዋል። ቡናማው ይጠፋና ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ይቀራል። ያማረ ብረት ይመስላል፤ ግን የተጫነ ዝገት ነው። ንጹሕ ብረት ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ቱቦውን ወደ ፀሐይ አዘንብላችሁ እዩት። ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩ ሥራው አላለቀም።

ስለዚህ ከብሩሹ ቀጥሎ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የግድ ነው። ሁለት ጣት የሚሰፋ ረጅም ቁራጭ ቁረጡ። ቱቦው ላይ ጠምጥሙትና ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ፣ ሊስትሮ ጫማ በጨርቅ እንደሚወለውል፣ ወደዚህና ወደዚያ ሳቡ። ክብ ቱቦን እኩል የሚፍቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ጭረቱም ይጠቅማል፤ ቀለሙ የሚጨብጠው እሱን ነው። በመቀጠል በ120 አለስልሱ። ከ120 በላይ አትሂዱ፤ መስታወት የሆነ ብረት ቀለም አይዝም።

በደንብ የያዘ አሮጌ ቀለም ካለ መቆየት ይችላል። ዳርቻው ግን ወደ ብረቱ እየሳሳ መውረድ አለበት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን አሳልፉበት። ጣታችሁ ደረጃ ከዳሰሰ ሸራውም እዚያው ይይዘዋል፤ ገና ፍቁ።

ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ አልወጣ ያለ ዝገት ካለ፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያለው ዝገት መለወጫ በትንሽ ብሩሽ ንኩበትና ጣሳው ላይ ባለው መመሪያ መሠረት ጠብቁ። የባትሪ አሲድ አትጠቀሙ። ዝገቱን ይበላል፤ ነገር ግን ብየዳው ስንጥቅ ውስጥና ቱቦው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀርና ብረቱን መብላቱን ይቀጥላል። ቆዳና ዓይንን ማቃጠሉ ሳይቆጠር ነው።

8. አቧራውን አንስታችሁ በዚያው ቀን ቀቡ። የተፋቀ ብረት አየር ውስጥ ሲያድር መልሶ ይዝጋል። ዛሬ የምትቀቡትን ያህል ብቻ ፍቁ። በቲነር በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ሳይጠቁር እስኪቀር ድረስ ቀይሩ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ላብ ጨውና ቅባት ነው። ቅስቶቹን መሬት ላይ አታጋድሙ። ከዛፍ ወይም ከገመድ ላይ በሽቦ አንጠልጥሏቸው፤ ዙሪያቸውን ሳትነኳቸው መቀባት ትችላላችሁ።

9. አንቲረስት። መጀመሪያ በባለ 1 ኢንች ብሩሽ ብየዳውን፣ ጠርዙን፣ የብሎን ቀዳዳውን ዙሪያና የገመድ ቀለበቶቹን ብቻ ቀቡ። ቀለም ከጠርዝ ላይ ስለሚሸሽ እነዚህ ቦታዎች አንድ እጅ ተጨማሪ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ ሙሉውን ስስ አድርጋችሁ አንድ እጅ፣ ሲደርቅ ሌላ አንድ እጅ። አንድ ወፍራም ከሁለት ስስ ይበልጣል ብላችሁ አታስቡ። ወፍራሙ ይንጠባጠባል፤ ላዩ ደርቆ ሆዱ እርጥብ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ደጋ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

ማቅጠኛውን አታምታቱ። ለዘይት አንቲረስት አኳራጅ ነው። የዱኮ (የመኪና ቀለም) ቲነር ጨምራችሁ ብትቀቡ ከሥሩ ያለውን እጅ ነክሶ ያኮማትረዋል።

10. የላይ ቀለም። ከመግዛታችሁ በፊት ሸራችሁን ዳስሱ። የጥጥ ሸራ ከሆነ ጥሩ የዘይት ቀለም ይበቃል። ላስቲክ የለበሰ፣ የሚያብረቀርቅ ፒቪሲ ሸራ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ፒቪሲ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ኬሚካል አለ። ሙቀት ሲያገኝ ከሸራው እየወጣ ወደ ዘይት ቀለሙ ይገባል። ከወራት በፊት ደርቆ የነበረው ቀለም ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። አንድ ቀን ሸራውን ስታነሱ ቅስቱ ጀርባ ላይ ያለው ቀለም እንደ ጥብጣብ ተልጦ ከሸራው ጋር ይመጣል። የቀረው ቀለም ላይ የሸራው የክር መስቀለኛ ታትሞበት ታዩታላችሁ። ሰዎች «ቀለሙ የውሸት ነው» ይላሉ። ቀለሙ ደህና ነበር፤ የተመረጠው ለሌላ ሥራ ነው።

ለፒቪሲ ሸራ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ባለሁለት ጣሳ ቀለም መጠቀም ነው። ይህ በዚያ ኬሚካል አይለሰልስም። ሥሩ ግን ኢፖክሲ ፕራይመር መሆን አለበት። የዘይት አንቲረስት ላይ ከተቀባ ያኮማትረዋል። ሁለተኛው መንገድ በዘይት ቀለም ቀብቶ ሸራው ብረቱን በቀጥታ እንዳይነካ ማድረግ ነው፤ 12ኛው ላይ እመለስበታለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማጠንከሪያ ያለበትን የፖሊዩሬቴን ቀለም በግቢያችሁ በስፕሬይ አትርጩ። ጭጋጉ ሳንባን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል፤ የአቧራ ማስክም አያግደውም። መሣሪያው የተሟላ የመኪና ቀለም ቤት ይርጨው።

አሁን በ320 ቁጥር ቀለል አድርጋችሁ አሹ፤ ድምቀቱ እስኪጠፋ ብቻ። አቧራውን ጥረጉና ሁለት ስስ እጅ ቀቡ። በቆርቆሮ ስፕሬይ የምትሠሩ ከሆነ ኳሱ መንኳኳት ከጀመረ በኋላ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ናጡት። ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ራቁና እጃችሁን ሳታቆሙ አሳልፉ። ስለ መልኩ፣ እኔ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ እመርጣለሁ። ጥቁር ፀሐይ ላይ ይግልና ሸራውንም ቀለሙንም ያስረጃል። ግራጫ ላይ ደግሞ አዲስ ዝገት ገና ነጥብ ሳለ ይታያል።

ቀለምና ቲነር ባለበት ከሰል አታያይዙ፣ ቡና አታፍሉ፣ ሲጋራ አታጭሱ። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል። የዘይት ቀለም የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ከተጣለ ራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁትና ከዚያ ጣሉት።

11. ታገሡ። ሲነኩት አለመያዝና መጠንከር የተለያዩ ናቸው። የዘይት ቀለም በማግስቱ እጅ ባይነካም ውስጡ ገና ነው። ቢያንስ አንድ ሳምንት ያለ ሸራ ይቆይ። ሸራው የማይነካው ቦታ ላይ አውራ ጣት ጥፍራችሁን ተጫኑበት። አሻራ ከቀረ ጥቂት ቀን ጨምሩ። ሥራ የሚበዛባት መኪና ከሆነች ይህን ሳምንት አስቀድማችሁ አስቡት። ከጠቅላላው ሥራ ሰው ሁሉ የሚሸራርፈው ይህን ነው።

12. ሸራውን አዘጋጁ። ብረቱ እየደረቀ ሳለ ሸራውን አጥባችሁ አድርቁና ሸራ ሰፊ ጋ ውሰዱት። ቅስቶቹ የሚያርፉበት ቦታ የተጨማደደ መስመር ሆኖ ይታያል። በዚያ መስመር በውስጥ በኩል የመኪና ቀበቶ ዓይነት ጠፍጣፋ ጥብቅ ማሰሪያ ይሰፋበት። መፋቁን እሱ ይቀበላል፤ ፒቪሲውም ቀለሙን በቀጥታ አይነካም። አንዳንዱ በዚህ ፈንታ ብረቱን በአሮጌ ከመነዳሪ ይጠመጥማል። አልመክርም። ጎማው ሥር ውሃ ይገባና አይወጣም፤ ዝገቱ ሲጀምርም አታዩትም።

13. ግጠሙ። በእያንዳንዱ እግርና በካሶኒው መካከል የጎማ ቁራጭ አስገቡ፤ ሁለቱ ብረቶች እየተፋጩ ቀለማቸውን እንዳይላጩ። የበሳችሁትን የውሃ መውጫ ጎማው እንዳይደፍነው ተመልከቱ። የብሎኑን ጥርስ ግሪስ ቀቡ፣ ሮንዴላ ከሁለቱም በኩል አድርጉ። ሁሉንም በእጅ አስገብታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ አጥብቁ። ከመጀመሪያው የፒስታ መንገድ ጉዞ በኋላ እንደገና አጥብቁ፤ ጎማው ስለሚቀመጥ ይላላል።

ሌሎች የተለመዱ ስህተቶች

ዝገትን በስቱኮ መሙላት። ስቱኮ ለሚንቀጠቀጥና ለሚታሸ ቱቦ አይሆንም፤ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ውሃ ይይዛል። ጉድጓዱ ይታይ፤ ጉዳት የለውም።

የቅስቱን ሆድ መርሳት። ከላይ ሲታይ ያምራል። ውሃው ግን ተንሸራቶ ከሥር ነው የሚንጠለጠለው። በስልክ መብራት ከታች ወደ ላይ እዩ።

እርጥብ ሸራ ጠቅልሎ ፍሬሙ ላይ አስሮ ማሳደር። በአንድ ክረምት አዲስ ቀለም የሚያበላሽ ልማድ ነው።

ፍሬሙ አልሙኒየም ከሆነ

ተጠቅልሎ የሚከፈተው ጠፍጣፋ የካሶኒ ሽፋን በአብዛኛው አልሙኒየም ነው። የብረት ሽቦ ብሩሽ አታስነኩት፤ የሚቀረው የብረት ቅንጣት አልሙኒየሙን ይበላዋል። በብርጭቆ ወረቀት ብቻ አሹት፤ ለአልሙኒየም የተሠራ ፕራይመር ቀቡ። ብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ብረትና አልሙኒየም በእርጥበት ተገናኝተው ነው። አጽድታችሁ የፕላስቲክ ሮንዴላ በመሀል አስገቡ።

ክትትል

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት ላይ ከዝናቡ በፊትና መስከረም ላይ ከዝናቡ በኋላ፣ ሸራውን ገልጣችሁ እዩ። የተጫረ ቦታ ካገኛችሁ ሳይሰፋ በ120 ቁጥር ፍቁት። በቲነር ጥረጉት፣ አንቲረስት አንድ እጅ፣ በማግስቱ የላይ ቀለም አንድ እጅ። የተረፈውን ቀለም ለዚህ አስቀምጡት። ክዳኑን በደንብ ገጥማችሁ ጣሳውን ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከልጆች አርቁ፤ የቀለሙን ዓይነትና የማቅጠኛውን ስም ጣሳው ላይ ጻፉበት።